ቶርክ ስም ከማግኘቱ በፊት

ዳዶው አልላቀቅ ሲለው መፍቻው ላይ ረጅም ቱቦ የሚሰካ ጎሚስታ አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ጉልበቱን አልጨመረም፤ የጨመረው ርቀቱን ነው። ይቺኑ ነገር ነው እኛ ሰሌዳ ላይ «ቶርክ» ብለን ጽፈን ተማሪውን የምናስፈራራው። ታሪኳን ግን ብዙ ጊዜ አንነግረውም።

በሂሳብ ማረጋገጫ ያስቀመጠልን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ212 የሞተው የሲራኩሱ አርኪሜደስ ነው። ምድርን በመፈንቅል አነሳለሁ ማለቱን ሁሉም ያውቃል፤ ያንን ግን የነገሩን ከሱ በኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ናቸው። እኔን የሚገርመኝ በራሱ መጽሐፍ ያለው ነው። እኩል ክብደቶች በእኩል ርቀት ሲቀመጡ ሚዛን ይጠብቃሉ ከሚል ተራ ነገር ይነሳና፣ ክብደቶቹ እኩል ካልሆኑስ? ወደሚለው ይሄዳል። በኛ ቁጥር ብናየው፣ ከመደገፊያው ግማሽ ሜትር ላይ ያለ 60 ኪሎ በሌላው ወገን 3 ሜትር ላይ ካለ 10 ኪሎ ጋር ይመዛዘናል። (በነገራችን ላይ «መፈንቅለ መንግሥት» የምንለውም ከዚሁ ከመፈንቅል ነው።)

ይሄ ቀጥ ላለ ጣውላ ነው። ጣውላው ጎባጣ ቢሆንስ? ተማሪ ፈተና ላይ ነጥብ የሚጥለው እዚህ ጋ ነው፤ የክንዱን ሙሉ ርዝመት ወስዶ ያባዛል። ጥያቄውን የእስክንድርያው ሄሮን አንስቶታል፤ መጽሐፉ በሙሉ የተረፈው በዐረብኛ ትርጉም ብቻ ነው። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በጆርዳኑስ ስም የሚታወቅ የላቲን መጽሐፍ በትክክል መልሶታል፦ የሚቆጠረው የክንዱ ርዝመት ሳይሆን፣ ክብደቱ ቁልቁል ከሚወርድበት መስመር እስከ መደገፊያው ያለው አግድም ርቀት ነው። አርኪሜደስ ከሞተ ከ1,400 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው! እና አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ በ40 ደቂቃ ስላልገባው «ሰነፍ» መባሉ አይዋጥልኝም።

ስሙስ? እሱማ የትናንት ነው። «ቶርክ» የሚለው ቃል፣ መጠምዘዝ ከሚል የላቲን ግሥ ተወስዶ፣ በጽሑፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1884 ነው። ያመጣው የሎርድ ኬልቪን ታላቅ ወንድም፣ ኢንጂነሩ ጄምስ ቶምሰን ነው ይባላል። በዚያው ዓመት ሲልቫነስ ቶምፕሰን ስለ ዳይናሞ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ገባ። ዘመኑ የኤሌክትሪክ ሞተር ነበር፤ ዘንጉ በምን ያህል ኃይል እንደሚጠመዘዝ በየገጹ የሚጽፉት ሰዎች አጭር ቃል ያስፈልጋቸው ነበር።