የልጆች የመርፌ ፍርሃት

የልጆች የመርፌ ፍርሃት ልጆች ለምርመራ ደም ሲቀዱ፣ ሲከተቡ፣ ጉሉኮስ ሲተከልላቸው ወይም መርፌ ያለበት ሌላ ሕክምና ሲደረግላቸው የሚሰማቸው ፍርሃት ነው። በትንንሽ ልጆች ዘንድ እጅግ የተለመደ ሲሆን አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ሲጨምር ይተውታል። በአንዳንዶች ላይ ግን እስከ ጉልምስና ይዘልቃል። እንዲህ ያለ ሰው ክትባት ይሸሻል፣ የታዘዘለትን የደም ምርመራ ያዘገያል፣ ሕመሙ እስኪጸናበት ድረስም ወደ ሐኪም አይሄድም። በዚህ ምክንያት ፍርሃቱን ማቃለል ልጁን ዝም ማሰኛ ብቻ ሳይሆን የሕክምናው አንድ ክፍል ተደርጎ ይታያል።

መንስኤ

ፍርሃቱ እንደ ዕድሜው ይለያያል። ከ1 እስከ 3 ዓመት ያለ ልጅ ከመርፌው ባልተናነሰ የማያውቀው ሰው ሲይዘውና ከእናቱ ሲለየው ይፈራል። ከ3 እስከ 6 ዓመት ያሉት ሕክምናውን ባጠፉት ጥፋት የመጣ ቅጣት አድርገው ሊወስዱት ይችላሉ፤ መርፌው በበሳው ቀዳዳ ደማቸው ፈስሶ የሚያልቅ የሚመስላቸውም አሉ። ትንሽ ፕላስተር መለጠፍ ብዙ ጊዜ ለቅሶን የሚያስቆመው በዚህ የተነሳ ነው። ትምህርት ቤት የገቡ ልጆች በራሳቸው አካል ላይ ማዘዝ አለመቻል ያስጨንቃቸዋል፣ ወጣቶች ደግሞ በሰው ፊት ማልቀስ ወይም ራስን መሳት ያሳፍራቸዋል።

ፍርሃቱን የሚያጸናው በአብዛኛው ያለፈ ልምድ ነው። አንድ ጊዜ ተይዞ በግድ የተወጋ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ነጭ ጋዋን ሲያይ ወይም አልኮል ሲሸተው ያለቅሳል። የሚፈራና የሚታገል ልጅ ደም ሥሩ በቀላሉ አይገኝም፤ ሳይገኝ ሲቀር እንደገና ይወጋል፣ ሁለተኛው መወጋት ደግሞ ፍርሃቱን ያብሳል። አዋቂዎች ልጅ ሲያስቸግር «ካላረፍክ ሐኪሙ መርፌ ይወጋሃል» እያሉ ማስፈራራታቸውም ልጁ ክሊኒክ ከመድረሱ በፊት መርፌን እንደ ቅጣት እንዲያውቀው ያደርጋል።

ታሪክ

እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ በብዙ የአውሮፓ ሆስፒታሎች ወላጆች የተኙ ልጆቻቸውን የሚጠይቁት በጥቂት የተወሰኑ ሰዓታት ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ጄምስ ሮበርትሰን የተባለ የብሪታኒያ ተመራማሪ ሆስፒታል ስለተኛች አንዲት የሁለት ዓመት ልጅ የሠራው ፊልም ከወላጅ መለየት የሚያደርሰውን ጉዳት አሳየ። በ1959 የወጣው «የፕላት ሪፖርት» ደግሞ በብሪታኒያ ወላጆች ልጆቻቸውን ያለ ሰዓት ገደብ እንዲጠይቁ ሐሳብ አቀረበ።

ጨቅላ ሕፃናት ሕመም በደንብ አይሰማቸውም የሚለው እምነት እስከ 1980ዎቹ ዘልቋል፤ ብዙዎቹ ያለ በቂ ማደንዘዣ ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸው ነበር። ካንዋልጂት አናንድና ባልደረቦቹ በ1987 ባወጡት ጥናት፣ በቀዶ ሕክምና ወቅት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ያገኙ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ካላገኙት ያነሰ የሰውነት ጭንቀትና ያነሰ የጤና ችግር እንደታየባቸው አሳዩ። በ1997 ደግሞ አና ታዲዮና ባልደረቦቿ ያለ ማደንዘዣ የተገረዙ ወንድ ሕፃናት ከ4 እስከ 6 ወር ሲከተቡ ካልተገረዙት የበለጠ የሕመም ምልክት እንደሚያሳዩ አገኙ። ከዚህ የተነሳ ሕፃኑ በቃል የማያስታውሰው ሕመም በሰውነቱ ሊቀር እንደሚችል ታወቀ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 በክትባት ጊዜ ሕመምን ስለመቀነስ የአቋም ጽሑፍ አውጥቷል።

የማቃለያ ዘዴዎች

ማዘጋጀት

ለልጁ እውነቱ በሚገባው ቃል ይነገረዋል። «ምንም አያምም» ተብሎ የተወጋ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ማንንም አያምንም፤ «ለአጭር ጊዜ ቆንጠጥ ያደርግሃል፣ ከዚያ ያልቃል» ማለት ይሻላል። ለትንንሾች ከሂደቱ ጥቂት ቀደም ብሎ መንገር ይበቃል፣ ረዘም ያለ ጊዜ ከተሰጣቸው ሲጨነቁ ይቆያሉ። ትልልቆቹ ግን ለመጠየቅና ለመዘጋጀት አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ቢያገኙ ይጠቅማቸዋል። በአሻንጉሊት ላይ «ደም መቅዳት» እያጫወቱ ማሳየትም የታወቀ ዘዴ ነው።

ልጁ ሊመርጠው የሚችለው ነገር ይተውለታል፦ የትኛው ክንድ፣ ማየት ወይም አለማየት፣ ማን እጁን እንደሚይዝ። «ደም ልውሰድ?» ተብሎ ግን አይጠየቅም፤ «አይሆንም» ቢል መልሱ አይከበርለትምና።

አያያዝ

ልጅን አልጋ ላይ አስተኝቶ በብዙ ሰው መጫን ፍርሃትን ከሚያብሱት ነገሮች ዋነኛው ነው። የተሻለው ልጁ በወላጁ ጭን ላይ ቀና ብሎ እንዲቀመጥና ወላጁ እንዲያቅፈው ማድረግ ነው። ክንዱ በደንብ ተይዞ ሌላው ሰውነቱ በእቅፍ ውስጥ ይሆናል።

ሕመምን መቀነስ

ለጨቅላ ሕፃን በሂደቱ ወቅት ጡት ማጥባትና ገላ ለገላ ማቀፍ ሕመሙን ይቀንሳሉ። በብዙ ሆስፒታሎች የስኳር ውሃ በጠብታ ከሂደቱ ሁለት ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ ምላሱ ላይ ይደረጋል። ይህ በባለሙያ የሚሰጥ ነው፤ ማር ግን ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም። ከጨቅላ ሕፃን ደም ሲወሰድ የሠለጠነ ባለሙያ ከደም ሥር ቢወስድ ተረከዝ ከመብጋት ያነሰ ያሳምማል።

ለትልልቆቹ ሊዶኬይንና ፕሪሎኬይን የያዘ የማደንዘዣ ክሬም ከመወጋቱ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ቆዳው ላይ ይቀባል። ክሬሙ የመርፌውን ሕመም እንጂ ፍርሃቱን ስለማያደነዝዝ ሌሎቹን ዘዴዎች አይተካም።

ሐሳብን መሳብ

የሳሙና አረፋ መንፋት፣ መቁጠር፣ ተረት መስማት ወይም በስልክ ቪዲዮ ማየት የልጁን ትኩረት ከመርፌው ይወስዳሉ። አረፋ መንፋት ልጁን በረጅሙ ስለሚያስተነፍሰው ሰውነቱንም ያረጋጋል። ወላጁ ራሱ ከፈራ ፍርሃቱ ወደ ልጁ ይተላለፋል። «አይዞህ፣ አይዞህ» በተደናገጠ ድምፅ ሲደጋገም ልጁ የሚያስፈራ ነገር እንደመጣ ምልክት አድርጎ ሊወስደው ይችላል፤ ስለሌላ ነገር ማውራት የበለጠ ያግዛል።

ራስን መሳት

አንዳንድ ልጆች፣ በተለይ ወጣቶች፣ ደም ወይም መርፌ ሲያዩ የደም ግፊታቸው በድንገት ወርዶ ራሳቸውን ይስታሉ። ለእነዚህ ሰውነትን ማላላት አይመከርም። ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ላርስ-ጎራን ኦስት ያስተዋወቀው ዘዴ የእግር፣ የሆድና የሌላውን ክንድ ጡንቻዎች ለጥቂት ሴኮንዶች አጥብቆ መልቀቅንና መደጋገምን ያስተምራል። ይህም ግፊቱ እንዳይወርድ ይረዳል። ከዚህ በፊት ራሱን የሳተ ልጅ ተኝቶ ደም ቢሰጥ ይሻላል።

ከሂደቱ በኋላ

ልጁ የሚመሰገነው ባለማልቀሱ አይደለም። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ማለት ፍርሃቱን አያጠፋውም፣ እንዲደብቀው ብቻ ያስተምረዋል። ያለቀሰም ልጅ «እጅህን ሳታንቀሳቅስ ያዝክ» ሊባል ይችላል። ይህ የሚቀጥለውን ጊዜ የሚያቀል ትዝታ ይተውለታል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ አንድ ሕፃን በመደበኛው የክትባት ፕሮግራም መሠረት እንደተወለደ፣ ከዚያም በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ በኋላም ለኩፍኝ በ9 እና በ15 ወሩ መርፌ ያገኘዋል። በወባማ አካባቢዎች ትኩሳት የያዘው ልጅ ለምርመራ ጣቱ ይበጋል። የማደንዘዣ ክሬም በማይገኝበት ጤና ኬላና ጤና ጣቢያም ጡት ማጥባት፣ በእናት ጭን መቀመጥ፣ እውነቱን መናገርና ልጅን በመርፌ አለማስፈራራት ገንዘብ አይጠይቁም።

ብርቱ ፍርሃት

ፍርሃቱ አስፈላጊ ሕክምናን እስከማስቀረት ሲደርስ የሥነ ልቦና ባለሙያ እርዳታ ያስፈልጋል። የተለመደው ሕክምና ልጁን ከሚፈራው ነገር ጋር በጥቂት በጥቂቱ ማለማመድ ነው፦ በመጀመሪያ የስሪንጅ ሥዕል ማየት፣ ቀጥሎ መርፌ የሌለው ስሪንጅ መያዝ፣ ከዚያ ክንዱ በአልኮል ሲጠረግ መታገስ፣ በመጨረሻም መወጋት። ልጁ በአንዱ ደረጃ ሳይረጋጋ ወደሚቀጥለው አይታለፍም።