አባያ ለምን ማርጋሪታ ተባለ?

አርባ ምንጭ የገባ መንገደኛ አስቀድሞ ሴቻ አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ማየት አለበት። በግራ አባያ ቀይ ዳማ ሆኖ ተንጣሏል፤ በቀኝ ጫሞ ሰማይ መስሏል። ሁለቱን የሚለያቸው መሬት «የእግዜር ድልድይ» ይባላል። ጎረቤታሞች ሆነው መልካቸው አለመመሳሰሉ ይገርማል። አባያን ያደፈረሰው ወንዞች ከደጋው አጥበው የሚያመጡበት አፈር ነው።

በማግስቱ ጧት ከከተማው በስተሰሜን ካለው መገንጠያ ተነስቼ ወደ ዶርዜ የሚወጣውን ዳገት በእግሬ ተያያዝኩት። ሙዙ ከታች ቀረ፤ ብርዱ መጣ፤ እንሰቱና ቀርከሃው ተተካ። አንድ ጠመዝማዛ ላይ ትንፋሼን ልሰበስብ ስቀመጥ፣ ጋቢ ጠቅልለው ተሸክመው ወደ ገበያ የሚወርዱ አዛውንት አጠገቤ አረፍ አሉ። ከሰላምታው በኋላ ሐይቁን እያሳየኋቸው፣

«አባባ፣ ይህ ሐይቅ ድሮ ማርጋሪታ ይባል እንደነበር ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«የማን ልጅ ናት?» አሉኝ።

ሳቅሁ። ቆይቶ ግን ሳቄ አሳፈረኝ። ጥያቄው የታሪክ ጥያቄ ነበረና።

ማርጋሪታ የኢጣሊያ ንግሥት፣ የንጉሥ ኡምቤርቶ ሚስት ነበረች። ስሟን እዚህ ያመጣው ሻምበል ቪቶሪዮ ቦቴጎ ነው። በ1888 ዓ.ም. መጀመሪያ በኢጣሊያ የጂኦግራፊ ማኅበር ድጋፍ ከሶማሊያ ጠረፍ ተነስቶ ወደ ኦሞ ሲጓዝ፣ በዚያው ዓመት አባያ ደረሰ። ልብ በሉ፤ ዓመቱ የአድዋ ዓመት ነው። የኢጣሊያ ጦር የካቲት 23 ቀን በሰሜን ድል ሆነ፤ በደቡብ ግን አንድ መኮንን የንግሥቲቱን ስም በሐይቃችን ላይ ጻፈ። ጫሞም አልቀረለትም፤ በ1886 ዓ.ም. ዝሆን የገደለው ኢጣሊያዊው አሳሽ የልዑል ሩስፖሊ ስም ተሰጠው።

ቦቴጎ ራሱ መጋቢት 1889 ዓ.ም. ወለጋ ውስጥ በውጊያ ሞተ። ተማርከው የተለቀቁት ጓደኞቹ ቫኑቴሊና ቺቴርኒ የጉዞውን ታሪክ በመጽሐፍ አሳተሙ። ማርጋሪታ የሚለውም ስም በአውሮጳ ካርታዎች ላይ ረጅም ዘመን ሰነበተ።

እኔም አንድ ጊዜ በጻፍኩት አጭር ጽሑፍ «ቦቴጎ ያገኘው ሐይቅ» ብዬ ነበር። ለመሆኑ ማን ጠፍቶበት ነው ያገኘው? ጋሞው፣ ወላይታው፣ ጉጂው በዳሩ የኖረበት፣ የጊዲቾ ደሴት ሰዎች በታንኳ የሚመላለሱበት ውሃ ነው። ቦቴጎ ብርቱ መንገደኛ መሆኑን አልነፍገውም፤ ኦሞ ቱርካና ሐይቅ እንደሚገባ ያረጋገጠው እሱ ነው። ስም ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። በእኛ አገር ለልጅ ስም የሚያወጣው ወላጁ ነው።

ያን ዕለት ለአዛውንቱ «የሩቅ አገር ሰው ልጅ ናት» ብዬ መለስኩላቸው።

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለች ልጄ?» ብለው ሸክማቸውን አነሱ።