የሃይድሮጅን ቦንድ

የሃይድሮጅን ቦንድ (የሃይድሮጅን ትስስር) በሞለኪውሎች መካከል ከሚፈጠሩ የመሳሳብ ኃይሎች አንዱ ነው። የሚፈጠረው ከኦክስጅን፣ ከናይትሮጅን ወይም ከፍሎሪን ጋር የተጣመረ ሃይድሮጅን በአቅራቢያው ወዳለ ሌላ የእነዚህ ንጥረ ነገሮች አቶም ሲሳብ ነው። ስሙ «ቦንድ» ቢሆንም ከኮቫለንት ቦንድ ጋር መምታታት የለበትም።

በውሃ ውስጥ

ኮቫለንት ቦንድ አቶሞች ኤሌክትሮኖችን ሲጋሩ የሚፈጠር ትስስር ነው። በአንድ የውሃ ሞለኪውል ውስጥ ኦክስጅኑ ከእያንዳንዱ ሃይድሮጅን ጋር አንድ ጥንድ ኤሌክትሮን ይጋራል። ድርሻቸው ግን እኩል አይደለም፤ በፖውሊንግ መለኪያ የኦክስጅን ኤሌክትሮን የመሳብ አቅም 3.44፣ የሃይድሮጅን 2.20 ነው። ስለዚህ ኦክስጅኑ በከፊል ኔጋቲቭ፣ ሃይድሮጅኖቹ በከፊል ፖዘቲቭ ይሆናሉ፤ የአንዱ ሞለኪውል ሃይድሮጅንም የጎረቤቱን ኦክስጅን ይስባል።

ይህን መሳሳብ ለማላቀቅ ለአንድ ሞል 20 ኪሎጁል ገደማ ይበቃል። በሃይድሮጅንና በኦክስጅን መካከል ያለውን ኮቫለንት ቦንድ ለመስበር ግን 460 ኪሎጁል ገደማ ያስፈልጋል። ብዙ ተማሪዎች ውሃ ሲፈላ ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን የሚለያይ ይመስላቸዋል፤ ይህ ስህተት ነው። የሚለያዩት ሞለኪውሎቹ እርስ በርሳቸው ነው፤ እንፋሎቱ ያው ውሃ ነው። ከጀበና የሚወጣው የሁለቱ ጋዞች ድብልቅ ቢሆን ኖሮ በከሰሉ እሳት ይፈነዳ ነበር።

የመፍያ ነጥብ

በፔሪዮዲክ ሠንጠረዥ ከኦክስጅን ሥር የሚገኘው ድኝ ነው። ከሃይድሮጅን ጋር ተዋሕዶ የሚሰጠው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ (የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ያለው ጋዝ) ሞለኪውሉ ከውሃ ሞለኪውል እጥፍ ያህል ይከብዳል። ከባድ ሞለኪውል ዘግይቶ እንደሚፈላ ይጠበቃል፤ እርሱ ግን ከዜሮ በታች በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲፈላ ውሃ በባሕር ጠለል በ100 ይፈላል። ድኝ ጠንካራ የሃይድሮጅን ቦንድ አይፈጥርም። (አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው በአየር ግፊቱ ማነስ እንጂ ቦንዱ ደክሞ አይደለም።)

በረዶ

በበረዶ ውስጥ እያንዳንዱ ሞለኪውል ከአራት ጎረቤቶቹ ጋር ተያይዞ ክፍት ቦታ ያለው መዋቅር ይሠራል። በዚህም የበረዶ እፍጋት በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 0.917 ግራም ብቻ ስለሆነ በውሃ ላይ ይንሳፈፋል።

በዲኤንኤ

ሁለቱ የዲኤንኤ ሰንሰለቶች የሚያያዙት በሃይድሮጅን ቦንድ ነው፤ በአዴኒንና ታይሚን መካከል ሁለት፣ በጓኒንና ሳይቶሲን መካከል ሦስት አሉ። ሴል ዲኤንኤውን ሲያባዛ እነዚህ ይላቀቃሉ፤ እያንዳንዱን ሰንሰለት የሚይዙት ኮቫለንት ቦንዶች ግን ሳይነኩ ይቀራሉ።