ገጣባውን የሸፈነው ኮርቻ

የይፋት ሰው በቅሎ ሊገዛ ገበያ ሲወጣ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ኮርቻውን ያስወርዳል። ጥርሷን ከፍቶ ዕድሜዋን ይገምታል፤ ኮቴዋን አንስቶ ያያል፤ ጥቂት አስኪዶ አለማነከሷን ያጣራል። ከሁሉ በላይ ግን እጁን በጀርባዋ ላይ ያሳልፋል። ገጣባ በኮርቻ ይሸፈናላ! ሻጩ ኮርቻውን ለማውረድ ካንገራገረ ገበያው እዚያው ፈረሰ።

ይህ ጥንቃቄ በይፋት ቆላ ሥር የሰደደ ነው። አገሩ ከይፋት ሱልጣኔት ዘመን ጀምሮ ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣ ሲራራ ነጋዴ መተላለፊያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 እንግሊዞች ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የላኩት የካፒቴን ሃሪስ ልዑክ ከታጁራ ተነስቶ በረሃውን አቋርጦ ሲመጣ፣ ከአንኮበር በታች ያለችው አልዩ አምባ የደራች የነጋዴ ከተማ ነበረች። ወደ ሰሜን ደግሞ ከመንዝ ደጋ ግርጌ ማጀቴ አለች። የሰንበቴ የእሑድ ገበያ እስከ ዛሬ አማራውን፣ ኦሮሞውን፣ አርጎባውንና አፋሩን ያገናኛል። ደገኛና ቆለኛ፣ ክርስቲያንና ሙስሊም በሚገናኙበት ገበያ ዋናው ጥያቄ ምን ጊዜም አንድ ነው፦ ሻጩን ማን ያውቀዋል?

መልሱ ዋስ ነበር። ከብቱ የተሰረቀ ወይም የታመመ ሆኖ ቢገኝ ገዢው የሚሄድበት ደጅ ያውቃል። ሃይማኖቱም ያግዘዋል። በእስልምና የንግድ ሕግ የተደበቀ ዐይብ ያገኘ ገዢ ዕቃውን የመመለስ መብት አለው፤ ፍትሐ ነገሥቱም ስለ መሸጥና መግዛት የሚደነግግ አንቀጽ አለው። በአማርኛ «ነውር» የሚለው ቃል ራሱ የሰውን አሳፋሪ ሥራም ሆነ የከብትን የአካል ጉድለት ይገልጻል። ለአምልኮ የሚቀርበው በግ ነውር የሌለበት ነው። ከብቱ ላይ ያለውን ነውር የደበቀ ሻጭ ነውረኛ መባሉ እንግዲህ ከቋንቋው ጋር የተወለደ ፍርድ ነው።

ከዚያ መኪና መጣ። የመጀመሪያዋ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብታ አፄ ምኒልክን አስደነቀች። ይፋትን የለወጠው ግን ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው የደሴ መንገድ ነው። ጣርማበር ላይ ተራራው 587 ሜትር ያህል ተበስቶ ዋሻ ወጣለት። ከጣርማበር ብርድ ተነስቶ ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ መግባት የጥቂት ሰዓት ጉዳይ ሆነ። ጣሊያን ሲወጣ መኪናው ቀረ። «ትሬንታ ኳትሮ» የተባለው የፊያት ጭነት መኪና ዕድሜው እስኪያልቅ፣ ካለቀም በኋላ እየተጠገነ አገለገለ። ያገለገለ መኪና ገበያችን ከሌላ ሰው በተረፈ ዕቃ ጀመረ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቃላቱም አብረው ቀሩ፦ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ቸርኬ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ። ከሁሉ የሚከብዱት ግን ሁለት የወረቀት ቃላት ናቸው፤ ሊብሬና ቦሎ። ዋሱ የቆመበትን ቦታ ሊብሬው ወሰደው። ችግሩም የተጀመረው እዚህ ነው። ሊብሬ መኪናው የማን እንደሆነ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ይናገራል። ተገልብጦ እንደነበር፣ ሞተሩ ዘይት እንደሚበላ አይናገርም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ንግዱ ሲከፈት ያገለገለ ቶዮታ በብዛት ገባ። ሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ማሾ የሚጭን አይሱዙ፣ የማጀቴ ተሳፋሪ ሚኒባስ ፈለገ። ገዢው ገንዘቡን አጠራቅሞ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ደላላ ያገናኘዋል፤ ሻጩን ከዚያ ቀን በፊት አያውቀውም፣ ከዚያ ቀን በኋላም አያገኘውም። መኪናዋ ታብሳ፣ ስቱኮዋ በቀለም ተሸፍኖ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ወደ ኋላ ተመልሶ ትጠብቀዋለች። ሞተሯ ቀድሞ ስለተሞቀ በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ሰፈር ውስጥ ዞር ዞር ብለው ይመለሳሉ፤ ውልና ማስረጃ ይፈራረማሉ።

ፈተናው መንገድ ላይ ነው። ከጣርማበር ቁልቁል ሲወረድ ፍሬኑ መሽተት ይጀምራል። ሸዋ ሮቢት፣ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ የሙቀት መለኪያው ቀዩን ይነካል። መካኒኩ የዘይቱን ክዳን ሲከፍት እንደ ወተት የነጣ አረፋ ያገኛል፤ ውሃው ከዘይቱ ተቀላቅሏል፣ ቴስታታው መፈታት አለበት። ደላላው ስልክ አያነሳም። ሻጩ ካነሳም መልሱ አንድ ነው፦ «አይተህ ወደህ ገዝተሃል።»

ይህ መልስ ግን የሕግ መሠረቱ የሻጩን ልበ ሙሉነት ያህል ጠንካራ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጩ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ ያደርገዋል። ገዢው ያወቀውን፣ ወይም ዓይን ያለው ሰው ሊያጣው የማይችለውን ጉድለት አስመልክቶ መክሰስ አይችልም። ሻጩ እያወቀ በተንኮል የደበቀውን ግን ውሉ ላይ የሰፈረ «ኃላፊነት የለብኝም» የሚል ቃል አያድነውም። ገዢውም ግዴታ አለበት፦ ቶሎ መመርመር፣ ጉድለቱን እንዳገኘ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ፣ ካስታወቀ በኋላም በአንድ ዓመት ውስጥ መክሰስ። ብዙ መብት የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ ገዢው በሽማግሌና በልመና ወራት ያሳልፋል፣ የጻፈው አንድ ደብዳቤ የለም።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ ደግሞ አገር ውስጥ ያሉት አሮጌዎች ከእጅ ወደ እጅ እንዲዞሩ የሚያደርግ ነው። አንዲት ቪትስ ብዙ ባለቤት ታያለች፤ እያንዳንዱ ባለቤትም የራሱን ስቱኮ ይጨምርባታል።

ስለዚህ ከማጀቴም ሆነ ከሸዋ ሮቢት መኪና ሊገዛ የሚነሳ ሰው የአባቱን ልማድ ይዞ ይሂድ። ሞተሩ ሳይሞቅ በማለዳ ይድረስ፤ ዳገት ያስወጣት፤ ሻጩ ላላመጣው፣ ራሱ ለመረጠው መካኒክ ያሳያት። «አልተገጨችም፣ ሞተሯ አልተነካም» የተባለውን ቃልና ቆጣሪው የሚያሳየውን ኪሎ ሜትር ውሉ ላይ ያስጽፍ። ሻጩ ለማስጻፍ ካንገራገረ ብሩን ይዞ ይመለስ።