ጦቢያ (ልብ ወለድ ታሪክ)

በዘጌ የተወለደው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. (1908 እ.ኤ.አ.) ሮም ያሳተመው፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባል ሥራ። የታሪኩ ዘመንና አገር በግልጽ አይለይም፤ በዚህ ከምናባዊ ገድል ጋር ይዛመዳል። ተስፋ መቁረጥ የሚጀምረው ከጦርነት ሽንፈት ነው። የተሸነፈው የጦር አለቃ ልጅ ዋሕድ ለአባቱ የተዋለውን ውለታ ሊመልስ ወጥቶ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል፤ መንትያ እህቱ ጦቢያ ወንድ መስላ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። ደራሲው ተስፋን የሚያቆመው በእምነትና በአጋጣሚ ላይ ነው፤ አጋጣሚው ግን ለዛሬ አንባቢ ሳይበዛበት አይቀርም። መጨረሻ ላይ አንድ አረመኔ ንጉሥ ክርስትና ተቀብሎ ጦቢያን ያገባል። ስሟ የኢትዮጵያም መጠሪያ መሆኑ ተስፋው የአንድ ቤተሰብ ብቻ እንዳልሆነ ይጠቁማል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን ፍቅረኞቹን ለሞት ይሰጣል።