አክተሩ አይሞትም

በልጅነታችን አሰላ ውስጥ ቪዲዮ ቤት ገብቶ የወጣ ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ሕግ ነበረች፦ አክተሩ አይሞትም። «አክተር» ስንል ማንኛውንም ተዋናይ ማለታችን አልነበረም። አክተር አንድ ነው፤ እሱም ዋናው፣ መልከ መልካሙ፣ ተኩሶ የማይስተው። የቀረው ሁሉ ሟች ነው። ጥይት ሲዘንብበት ትንንሾቹ ዓይናቸውን ሲሸፍኑ፣ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠ ነባር ተመልካች «አይዟችሁ፣ አክተሩ አይሞትም!» ብሎ ያረጋጋቸዋል። እኔም በዚህች ሕግ አምኜ ያደግሁ የድሮ የሆሊውድ ፊልም ወዳጅ ነኝ። ዛሬ በጎልማሳነቴ መለስ ብዬ ሳስበው ግን ሕጓ ከፊልም ይልቅ ስለ ታሪክ የምትነግረን ነገር ያላት ይመስለኛል።

ሲኒማ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለሕዝብ የተከፈተውን የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት ነዋሪው «ሰይጣን ቤት» ብሎ እንደሰየመው የታወቀ ነው። ከነጻነት በኋላ ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ ሲኒማ ኢምፓየር፣ አምባሳደር የከተሜው መናኸሪያ ሆኑ። እኔና እኩዮቼ ግን የአዲስ አበባ ሰዎች በሰፊ ሸራ ያዩትን ያገኘነው ዘግይተን፣ በ1980ዎቹ ዓ.ም. ነው፤ ያውም በጭቃ ቤት ውስጥ፣ በአንዲት ቴሌቪዥንና ስንት ጊዜ እንደታየ በማይታወቅ የቪዲዮ ካሴት። አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም፣ በፊልም አቆጣጠር ግን ሠላሳ ዓመት ያህል ትርቅ ነበር ማለት ይቻላል። ለእኛ ጋሪ ኩፐር ገና አልሞተም ነበር።

ታዲያ የአሰላ ተመልካች ለካውቦይ ፊልም የዋህ ነበር ብላችሁ እንዳትገምቱ። የአርሲ ደጋ የፈረስ አገር ነው። ሠርግም ሆነ ለቅሶ ያለ ፈረስ አይደምቅም። በገበያ ቀን ከጭላሎ ግርጌ በፈረስ የሚወርደው ገበሬ፣ ቪዲዮ ቤት ጎራ ካለ፣ የሚመለከተው ሽጉጡን ሳይሆን ልጓሙን ነበር። «ይሄ ፈረስ አያውቅም!» ካለ ፍርዱ ይግባኝ የለውም። ደግሞም ብዙ ጊዜ ልክ ነበር። «ሼን» በተባለው ፊልም ላይ ጥቁር ለብሶ የሚመጣው ነፍሰ ገዳይ፣ ጃክ ፓላንስ፣ ፈረስ ላይ መውጣት ስለተቸገረ ሲወርድ የተቀረጸውን ወደ ኋላ አዙረው ሲወጣ አስመስለው አሳዩት ተብሎ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1939 በወጣው «ስቴጅኮች» ውስጥ በሚጋልቡት ፈረሶች መካከል ወድቆ ሠረገላው በላዩ የሚያልፍበት ሰው ደግሞ ያኪማ ካነት የሚባል የአደጋ ትርኢት ባለሙያ ነው። በእኛ አገር ሰው በፈረሱ ስም ይጠራል፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። በሆሊውድ ግን አደጋውን የሚቀበለው አንዱ፣ ስሙ የሚጠራው ሌላው ነው።

ጋሪ ኩፐርን ግን የእኛ ፈረሰኞች አላሙትም። የሞንታና ልጅ ነው፤ በእርሻና በከብት መካከል አድጓል፤ ሆሊውድ ሲገባም የጀመረው በፈረስ ጋላቢነት ነው። እኔ በበኩሌ እስከ ዛሬ የኩፐር ወገን ነኝ። «ሃይ ኑን»ን (1952) ያየ ሰው ይፍረደኝ። አንድ የከተማ ሕግ አስከባሪ በሠርጉ ቀን ሊገድሉት የሚመጡ ሰዎች እንዳሉ ይሰማል። ባቡሩ በስድስት ሰዓት ይደርሳል። ሰውየው በየቤቱ እየዞረ እርዳታ ይለምናል፤ ዳኛው ይሸሻል፣ ወዳጁ ቤት የለሁም ያስብላል፣ ቤተ ክርስቲያን ያለው ምእመን ይከራከርና ብቻውን ይተወዋል። የኩፐር ፊት ላይ ፍርሃት ይነበባል። ከዚያ በፊት የሚፈራ አክተር አይተን አናውቅም ነበር! በመጨረሻ ጠላቶቹን በሙሽራይቱ፣ በግሬስ ኬሊ፣ እርዳታ ይጨርሳቸዋል፤ የሹመት ምልክቱንም ከደረቱ ነቅሎ አቧራው ላይ ይጥለዋል።

ይህን ታሪክ የጻፈው ካርል ፎርማን በዚያው ሰሞን በኮሚኒስትነት ተጠርጥሮ በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ የተጠየቀ፣ ኋላም ከሥራ ታግዶ ወደ እንግሊዝ የተሰደደ ሰው ነው። ወዳጁ ቤት የለሁም ያስባለበት እሱ ራሱ ነበር። ጆን ዌይን ፊልሙን አምርሮ ይጠላው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1971 በሰጠው ቃለ ምልልስ ጸረ አሜሪካዊ እስከ ማለት ደርሷል። የታሪክ ምጸት ሆኖ ግን ኩፐር በዚህ ፊልም ኦስካር ሲያሸንፍ በቦታው ስላልነበረ፣ በስሙ ሽልማቱን የተቀበለለት ጆን ዌይን ነው። እኛ የደርግን ዘመን ያየን ልጆች፣ ጎረቤት ሲወሰድ መስኮት የሚዘጋበትን ጊዜ የምናውቅ፣ ለ«ሃይ ኑን» ማብራሪያ አላስፈለገንም።

ጆን ዌይንን ግን መናቅ አይቻልም። «ዘ ሰርቸርስ» (1956) የእሱም የአዘጋጁ የጆን ፎርድም ትልቁ ሥራ ነው ባይ ነኝ። በኮማንቼዎች የተወሰደችበትን የወንድሙን ልጅ ዓመታት ሙሉ የሚፈልግ ሰው ታሪክ ነው፤ የሚፈልጋትም ሊያድናት ሳይሆን ሊገድላት ነው። ጥላቻው ያስፈራል። እኛ ግን ያኔ ይህን አላየንም። በጦርና በቀስት የሚመጡት ሲወድቁ አጨበጨብን።

አንድ ቀን ከእኛ ጋር አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። የልጅ ልጃቸውን ፍለጋ መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው። እያጨበጨብን ሳለ «እነዚህ በፈረስ የሚመጡት እነማን ናቸው?» አሉ። «ሕንዶች ናቸው፣ አባባ» አልናቸው። የሚያውቁት ሕንድ በየዛፉ ሥር የሚዘፍነውን ስለነበር፣ «ታዲያ መቼ ነው የሚዘፍኑት?» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲበርድ ግን ሌላ ጥያቄ ጠየቁ፤ «መሬቱ የማን ነበር?» «የእነሱ» አለ እንግሊዝኛ የሚያውቀው አስተርጓሚያችን። ሽማግሌው ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም። እኛም ማጨብጨቡ ቀዘቀዘብን።

ትርጉሙ የገባኝ ብዙ ቆይቶ፣ የታሪክ መጻሕፍት ሳነብ ነው። በራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ መሪነት በአርሲ ላይ የተደረገው ዘመቻ ከብዙ ውጊያ በኋላ የተቋጨው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው። አርሲዎች በፈረስና በጦር፣ የሸዋ ሠራዊት በጠመንጃ ተዋጉ። በዚያው በ1886 በአሜሪካ የአፓቼው ጀሮኒሞ እጁን ሰጠ፤ «ስቴጅኮች» ውስጥ ተሳፋሪዎቹን የሚያስጨንቀው ያው ጀሮኒሞ ነው። እርግጥ ሁለቱ ታሪኮች አንድ አይደሉም። የአርሲ ሰው ከአገሩ ተነቅሎ በክልል አልታጠረም፤ በአገሩ ቀርቶ ገባር፣ ብዙውም ጭሰኛ ሆነ። ሆኖም የእነዚያ ሽማግሌ አያት በዚያ ዘመን በየትኛው ወገን እንደጋለቡ መገመት አያዳግትም። እኛ ለጠመንጃው ስናጨበጭብ እሳቸው የሚያዩት ፈረሰኛውን ነበር።

ሆሊውድ በዚህ ረገድ ብዙ ዕዳ አለበት። በ«ዘ ሰርቸርስ» የኮማንቼዎቹን አለቃ የሚጫወተው ሄንሪ ብራንደን በርሊን የተወለደ ጀርመናዊ ነው። የታሪክ ሰዎች ከእውነተኞቹ ካውቦዮች ከአራቱ አንዱ ያህል ጥቁር ነበር ሲሉ ይገምታሉ፤ በፊልሞቹ ውስጥ ግን እነሱን መፈለግ በጭድ ክምር ውስጥ መርፌ መፈለግ ነው። ጆን ፎርድ ራሱ ውዲ ስትሮድን ጀግና አድርጎ «ሳርጀንት ሩትሌጅ»ን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው።

የመሬትን ነገር ካነሳን ግን «ሼን» (1953) ከሁሉም ይበልጥብኛል። በአለን ላድ የሚመራው ይህ ፊልም የመንግሥትን መሬት ተመርተው በሰፈሩ ገበሬዎችና ቀድመን ያቀናነው እኛ ነን በሚሉ ከብት አርቢዎች መካከል ያለ ጠብ ነው። እ.ኤ.አ. የ1862ቱ የአሜሪካ ሕግ ለአንድ ሰፋሪ 160 ኤከር ይሰጥ ነበር፤ በእኛ ልክ ከአንድ ጋሻ ተኩል በላይ ማለት ነው። ሼንና ገበሬው ጉቶ ለመንቀል ሸሚዛቸውን አውልቀው የሚታገሉበትን ትዕይንት ሳይ ሁልጊዜ የአርሲ ገበሬ ትዝ ይለኛል። የአርሲው ጭሰኛ ግን ጉቶውን የሚነቅለው ለሰው ነበር። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር አመጣ፤ ምርት ጨመረ። እርሻ ሲያዋጣ ባለመሬቱ ትራክተር አስገባና ብዙ ጭሰኛ ተፈናቀለ። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጁ ሲወጣ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር የማይበልጥ ተፈቀደ፤ ባለቤትነቱ ግን የመንግሥት ሆነ። በፈረስ መጥቶ ያዳነው ሼን አልነበረም፤ ሕጉን ያመጣው ሕዝብ አደባባይ የወጣበት አብዮት ነው።

በመጨረሻ ሆሊውድ ራሱ አሰላ መጣ። ዋልት ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1999 ለእይታ ያበቃው «ኢንዱራንስ» የኃይሌ ገብረ ሥላሴን ሕይወት ይተርካል። አዘጋጁ እንግሊዛዊው ሌስሊ ውድሄድ ሲሆን፣ ከፕሮዲዩሰሮቹ አንዱ ዝነኛው ቴሬንስ ማሊክ ነበር። ኃይሌ ራሱን ይጫወታል፤ የሥጋ ዘመዶቹም ይተውናሉ። እንደ ፊልም ካየነው ቀርፋፋ ነው፤ ንግግሩም ጥቂት ነው። ግን ዋናው ጠብ የመሬት መሆኑን ልብ በሉ። አባት ልጁ እርሻውን እንዲይዝ ይፈልጋል፤ ልጁ ይሮጣል። ፊልሙም ሐምሌ 22 ቀን 1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ ያበቃል፤ ኃይሌ በ10,000 ሜትር ፖል ቴርጋትን ቀድሞ ወርቁን የወሰደበት ቀን ነው። ያ ሁልጊዜ የሌላ አገር ተራራ የምናይበት መስኮት ለአንድ ጊዜ የእኛን ተራራ አሳየን፤ አክተሩም የእኛው ሰው ሆነ። ኃይሌም በፋንታው ቦሌ ላይ ዓለም ሲኒማን ከፈተ።

አንድ ክርክር ግን እስከ ዛሬ አልተቋጨም። በ«ሼን» መጨረሻ አለን ላድ ቆስሎ፣ ሕፃኑ እየተጣራ፣ በመቃብሮች መካከል ወደ ተራራው ይወጣል። እጁ ተንጠልጥሏል፤ ወገቡ ጎብጧል። ሞቷል ወይስ አልሞተም? በዓለም ዙሪያ የፊልም ወዳጆች ይከራከሩበታል፤ እኛም ቪዲዮ ቤቱ ደጃፍ ላይ እስኪመሽ ተከራክረንበታል። «አክተሩ አይሞትም» የምትለው ሕግ የተፈተነችው ያን ቀን ነው።

በኋላ አንድ ፈረሰኛ ገበሬ ጠየቅን። «ዳገት ሲወጣ ጋላቢ ወደ ፊት ያጎነብሳል፤ ያ ምንም አይደለም» አለን። ቀጥሎም «ባለቤቱ የሞተበት ፈረስ ግን ትንሽ ሄዶ ይቆማል። ይሄ ቆመ ወይ?» ብሎ ጠየቀ። መልስ አልነበረንም። ፊልሙ ያለቀው ፈረሱ ገና እየሄደ ሳለ ነው።