የድሬ ዳዋ ነጋድራሶችና «አዲስ ዓለም»

ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እንደ መጀመሪያው ሐሳብ ቢሆን ኖሮ ሐረር ይገባ ነበር። ተራራው አላፈናፈነምና በ1895 ዓ.ም. ሜዳው ላይ ቆመ። ዳግማዊ ምኒልክ አዲሱን ከተማ «አዲስ ሐረር» አሉት፤ ሕዝቡ ግን ድሬ ዳዋ ማለቱን አልተወም። ሜዳው ባለቤት አልነበረውም ማለት አይደለም፤ ኢሳዎችና ኦሮሞዎች ከብት ያሰማሩበት ነበር። ላይ ሐረር የገዥው የራስ መኰንን ግቢ፣ መኳንንቱና የጀጎል ግንብ አሉ። ታች የሐዲዱ ኩባንያ ፈረንሳዮች፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ፣ ዐረቡ፣ ከየአገሩ እንጀራ ፍለጋ የወረደው ሰው። ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ ማዶ መንገዱ በመስመር የተቀየሰው ከዚራ፣ ወዲያ ማዶ ገበያው መጋላ።

በዚህች ከተማ ላይ አንድ ወንበር ነበር፤ የጉምሩኩ ነጋድራስነት። ቡናና ቆዳ ወደ ወደቡ ሲወርድ፣ አቡጀዲና ሌላው ሸቀጥ ወደ አገር ሲወጣ በነጋድራሱ እጅ ያልፋል። አንድ ጭነት ግን ከጉምሩኩ ወጥቶ ወደ መሐል አገር ሲዘልቅ ገና በየኬላው ይቀረጥ ነበር። የኬላው ገቢ የባላባቱና የሹሙ መተዳደሪያ ነውና ማን በፈቃዱ ይለቅቃል?

ከአድዋ አጠገብ የተወለዱት፣ በጀርመን አገር የተማሩት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በዚህ ወንበር ተቀምጠዋል። ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመውን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ሳነብ የጉምሩኩ በር ይታየኛል። ጥሬ ዕቃ በርካሽ ሸጦ የተሠራ ዕቃ በውድ የሚገዛ አገር እንደሚደኸይ፣ ሠራተኛውን የሚበላ ሹም መንግሥትንም እንደሚበላ ገብረ ሕይወት ያስረዳሉ። ሐሳባቸው አሮጌውን ሥርዓት ከሥሩ የሚነካ ነበር። ገና በወጣትነታቸው በ1911 ዓ.ም. ሞቱ።

በ1910ዎቹ ደግሞ ወደዚሁ ወንበር ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጡ፤ የዘጌው ሰው፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ»ን ያሳተሙት፣ የአማርኛ ልብ ወለድ ቀዳሚ ደራሲ። አፈወርቅ በአማርኛ ምኒልክን እያወደሱ ታሪካቸውን ጽፈው በፈረንሳይኛ ደግሞ የዚያኑ ንጉሥ አስተዳደር ነቅፈዋል። ያ ሁለት አንደበት ያስጨንቀኛል፤ አዲስ መጤው ከመኳንንቱ ጋር በግልጽ ከመከራከር ይልቅ ለእያንዳንዱ አድማጭ የተለየ ቃል ማዘጋጀቱን ያሳያል።

ይህን የአዲስና የአሮጌ ጠብ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. «አዲስ ዓለም» በሚለው ልብ ወለዳቸው ወደ ተጉለት ወሰዱት። ባለታሪኩ አወቀ ፈረንሳይ አገር ተምሮ ይመለሳል። አባቱ ሲሞቱ ዘመድ አዝማዱ ድግሱ የደመቀ ተዝካር ካላወጣህ ብሎ ይይዘዋል። እሱ ደግሞ እንዲህ ያለው ድግስ አይጠቅምም ባይ ነው። ጠቡ የሚጀመረው ከቤተሰቡ መሐል ነው፤ የመጽሐፉ ብርታትም እዚያ ላይ ነው። ፊታውራሪና ደጃዝማች ሳይጠሩ አሮጌው ሥርዓት በጎረቤት አፍ፣ በዘመድ ቅያሜ፣ በይሉኝታ ይናገራል።

ጠላት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ አፈወርቅ ከወራሪው ጋር ቆሙ። ከነፃነት በኋላ በግዞት ጅማ ላይ አረፉ። በኔ ግምት ለአዲሱ ዓለም የታመኑት ዕድሜያቸው ያጠረው ገብረ ሕይወት ናቸው። የድሬ ልጆች የገብረ ሕይወትን መጽሐፍ ከ«አዲስ ዓለም» ጋር አጣምራችሁ አንብቡት።